«ጋሼ፣ እዚህ ቦታ እኛን ያስገቡናል?»

ይድረስ፦ በኦሃዮ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ ለማኅበረሰብ ማኅበራት መሪዎች እና ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ናት። ባለፈው ሰመር ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን ስልኬ ላይ ያሉ የቆዩ ፎቶዎችን አሳያት ነበር። አንዱ ላይ ፀሐይ ገና ልትወጣ ነው። ሜዳው በጤዛ ነጭ ብሏል። እኔ መሀሉ ላይ የሣር ማጨጃ ይዤ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ፎቶውን በጣቷ አሰፋችና አተኩራ አየችው። ከዚያ «ጋሼ፣ እዚህ ቦታ እኛን ያስገቡናል?» አለችኝ።

«እንዴታ!» ልላት ፈለግኩ። ቃሉ ግን ቶሎ አልወጣልኝም። ልጅቷ እዚሁ አገር ተወልዳ ያደገች ናት። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ነው። ያም ሆኖ ያን የሚያምር ሜዳ ስታይ መጀመሪያ ያሰበችው በሩን ነው። ይህ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ለእሷ የሚገባትን መልስ ለእናንተ ለታላላቆቿ ልጽፈው ወሰንኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፎቶው ላይ ያለው የአንድ ትንሽ ከተማ ካንትሪ ክለብ የጎልፍ ሜዳ ነው። ከተማዋ በሰሜን ምሥራቅ ኦሃዮ ናት። ስሟንም የክለቡንም ስም አልጠቅስም። ሰባት ሰመር ሣር እየቆረጥኩ ሠርቼበታለሁ። ካንትሪ ክለብ አባላት በየዓመቱ ከፍለው የሚዝናኑበት ቦታ ነው። የጎልፍ ሜዳ፣ መዋኛ፣ የመመገቢያ አዳራሽ አለው። በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ያለው የከበርቴ ነው። የትንሽ ከተማው ግን ሌላ ነው። የእኛ አባላት የጥርስ ሐኪሙ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የእርሻ መሣሪያ የሚሸጠው ሰውዬ ነበሩ። የከተማው ሠርግ እዚያ ነው። ከቀብር መልስ የሚበላውም እዚያው ነው። ዓርብ ማታ የዓሣ ጥብስ አለ። በረዶ ሲጥል ደግሞ የከተማው ልጅ ሁሉ፣ የአባል ልጅ ሆነም አልሆነም፣ በዘጠነኛው ቀዳዳ ቁልቁለት ላይ ሲንሸራተት ይውላል። ጎልፍ ኳሷን በዱላ እየመቱ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄዱበት ጨዋታ ነው፣ ሙሉ ሜዳ አሥራ ስምንት ቀዳዳ አለው። ለዚያ ማንም ካርድ አይጠይቀውም።

ሥራ የምንጀምረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። አለቃዬ ስልሳ ያለፋቸው፣ ገበሬ ቤት ያደጉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ወደ መጀመሪያው ግሪን ወሰዱኝ። ግሪን የሚባለው ቀዳዳው ያለበት፣ እንደ ምንጣፍ የተላጨው ክብ ሣር ነው። ቁመቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ቆሙበት። እኔንም አውልቅ አሉኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ሣር አውቃለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ሰርዶ አውቃለሁ፣ ቄጠማ አውቃለሁ፣ በኅዳር የታጨደ ድርቆሽ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። እንዲህ ያለ ሣር ግን ረግጬ አላውቅም። ቀዝቃዛ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ እግርን መልሶ የሚገፋ ይመስላል። አገሬ ቢሆን ይህ ሁሉ መስክ ስንት ከብት ይመግብ ነበር ብዬ አሰብኩ። አባቴም ትዝ አሉኝ። መስካችን ላይ ባዕድ ከብት ሲገባ የሚያዩበት ዓይን ትዝ አለኝ። አለቃዬም ሜዳቸውን የሚያዩት በዚያው ዓይን ነበር።

ብዙ ሰው ጎልፍ ሲያይ የሚታየው ነጭ ኳስና ነጭ ሱሪ ነው። ከስሩ ያለውን ሥራ አያየውም። በየማለዳው ግሪኑን ስንቆርጥ አቅጣጫ እንቀይራለን። ዛሬ በቁመቱ ከሆነ ነገ በአግድሙ፣ ከነገ ወዲያ በሰያፍ። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተቆረጠ ሣሩ ይተኛል፣ ኳሱም ወደተኛበት ይሳባል። ቀዳዳውም ቦታ ይቀይራል። አዲስ እንቆፍራለን፣ አሮጌውን በወጣው አፈርና ሣር መልሰን እንደፍነዋለን። ቀዳዳው በዓለም ሁሉ አንድ ነው፣ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር። አሸዋ የተሞላው ጉድጓድ፣ ባንከር የሚሉት፣ ሬክ በሚባል ጥርሳም መሣሪያ ይደለደላል። ሌሊት አጋዘን ስለሚያልፍበት ሁሌም የሰኮና ዱካ አለው። ጠዋት ጠዋት ያን ዱካ ማጥፋት ያሳዝነኝ ነበር። በመጸው ደግሞ አመዳይ የሚሉት ውርጭ ሲወርድ ማንም እንዳይገባ እንከለክላለን። ውርጭ የያዘውን ሣር ስትረግጠው ውስጡ ይሰበራል። ፀሐይ ሲወጣ ዱካህ ጥቁር ሆኖ ለቀናት ይታያል።

አንድ ጊዜ ትልቅ ጥፋት አጠፋሁ። በሦስተኛው ዓመቴ ነው። የማጨጃው የሃይድሮሊክ ቱቦ ሾልኮ ኖሮ ሳላየው ሰባተኛውን ግሪን ቆርጬ ጨረስኩ። ጤዛው ስለነበረ ዘይቱ አልታየኝም። በማግስቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሰ የሄደ ቡናማ መስመር ወጣ። ሣሩ ተቃጥሏል። ሥራዬን አጣሁ ብዬ ባለቤቴን ማታ ነገርኳት። አለቃዬ ግን አልጮኹም። ከመጋዘኑ ጀርባ ለመጠባበቂያ የሚበቅል ትንሽ ግሪን ነበረን። ወደዚያ ወሰዱኝና እንደ ሙዳይ ክዳን ክብ ክብ እያደረጉ ከነአፈሩ ቆርጦ ማውጣት አሳዩኝ። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ሁለታችንም ተንበርክከን የተቃጠለውን እያወጣን ጤነኛውን ተከልን። መስመሩ ጨርሶ እስኪጠፋ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ሰባተኛው ግሪን የእኔ ሆነ። ማንም ሳይነግረኝ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አየው ነበር።

በየማለዳው ብቻቸውን የሚመጡ አንድ አዛውንትም ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ጀምሮ ዘጠኝ ቀዳዳ በእግራቸው እየሄዱ ይጫወታሉ። ተጫዋቾች ሜዳው ላይ የሚነዱትን ትንሽ መኪና አይወዱም። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ካረፉ በኋላ ልጃቸው የሸራ ቦርሳቸውንና ስድስት የጎልፍ ዱላ ሰጠኝ። «ላንተ ይሁን ብሏል» አለኝ። ዛሬም የምጫወተው በእሱ ነው። ሰኞ ክለቡ ዝግ ስለሆነ ለሠራተኛ ይፈቀድልን ነበር። መጫወት የጀመርኩት እንዲያ ነው።

እንግዲህ እወደው ነበር። ይህን የምነግራችሁ ቀጥዬ የማወራው ነገር ከቂም የመጣ እንዳይመስላችሁ ነው።

አንድ ማክሰኞ ማታ የስምንት ዓመት ልጄን ይዤው ሄድኩ። አባቱ የሚሠራበትን ሊያይ ስንት ጊዜ ለምኖኛል። መኪና ማቆሚያው ላይ ገና እጁን ይዤ ስወርድ አንድ ሰው መጣ። «ምን ልርዳህ?» አለኝ። ቃሉ ትሁት ነው። ዓይኑ ግን «እዚህ ምን አመጣህ?» ነው የሚለው። እሱ የሚጫወትበትን ሣር የዚያን ዕለት ጠዋት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እዚህ እሠራለሁ አልኩት። «እሺ፣ የሠራተኛው በር በዚያ በኩል ነው» ብሎ በእጁ አሳየኝ። ልጄ አንድ ቃል አልተናገረም። ወደ ቤት እንሂድ አለኝ። ሄድን።

ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልመታኝም። ለፖሊስም ለፍርድ ቤትም የሚነገር ነገር የለውም። ግን ወላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅህ ፊት ስታንስ የሚሰማህ ነገር ስም የለውም። የ14 ዓመቷ ልጅ «ያስገቡናል?» ስትለኝ ምላሴን የያዘው እሱ ነው።

አለቃዬ ነገሩን ከየት እንደሰሙ አላውቅም። በማግስቱ ምሳ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እሑድ ልጅህን ይዘህ ኢስት ካንተን ሂድ። ክሊርቪው የሚባል ሜዳ አለ። እኔም ወጣት ሳለሁ ብዙ የተማርኩት እዚያ እየሄድኩ ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ሄድን። ኢስት ካንተን ሁለት ሺህ ሰው የማይሞላባት ትንሽ መንደር ናት። ከኮለምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሜዳው በሊንከን አውራ ጎዳና ዳር ነው። ኮረብታማ ነው፣ ትልልቅ ዛፍ አለው። ለሁሉም ክፍት ነው፣ አባልነት የለም። የቀን ክፍያህን ትከፍላለህ፣ ትጫወታለህ። እዚያ የሰማሁትንና በኋላም እየፈለግኩ ያነበብኩትን ልንገራችሁ።

ሜዳውን የሠሩት ዊልያም ፓወል የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ሰው ሁሉ ቢል ነው የሚላቸው። በ1916 አላባማ ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው ከባሮች ይመዘዛል። ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ተሰዶ ሚነርቫ በምትባል የኦሃዮ ትንሽ ከተማ ሠፈረ። ቢል በልጅነታቸው እዚያ በነበረ የጎልፍ ሜዳ ካዲ ሆነው ሠሩ። ካዲ የተጫዋቹን የዱላ ቦርሳ ተሸክሞ አብሮ የሚሄድ ልጅ ነው። ጨዋታውን እዚያው ለመዱት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው እንግሊዝ አገር ነበሩ። በብሪታንያ ሜዳዎች ላይ ማንም ሳይከለክላቸው ተጫወቱ። በ1946 አገራቸው ሲመለሱ ግን ያው የድሮው በር ነው የጠበቃቸው። ለአገሩ የተዋጋ ወታደር ጥቁር ነህ ተብሎ ሜዳ አይገባም።

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። እኔ ያን ማክሰኞ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እሳቸው የራሳቸውን ሜዳ ሠሩ።

ለተመላሽ ወታደር የተፈቀደውን ብድር ጠየቁ፣ ተከለከሉ። ሁለት ጥቁር ሐኪሞች ገንዘብ አዋጡ። ወንድማቸው ቤቱን አስይዞ ተበደረ። በዚያ ገንዘብ የወተት ከብት ይረባበት የነበረ 78 ኤከር እርሻ ተገዛ። በእኛ አንድ ጋሻ አይሞላም። ሚስታቸው ማርሴላ አብረዋቸው ድንጋይ ለቀሙ፣ አጥር ነቀሉ። ዘሩን የዘሩት በእጃቸው ነው። ቢል ማታ ማታ ቲምከን በሚባለው ፋብሪካ ጥበቃ ይሠራሉ፣ ቀን ቀን ሜዳው ላይ ናቸው። እኔ ይህን ሥራ ስለማውቀው ነው እጄን አፌ ላይ የጫንኩት። እኛ አንዲት የተቃጠለች መስመር ለመጠገን ሁለት ሰው ስድስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ያውም ደመወዝ እየተከፈለን። እሳቸው ደግሞ በ1948 ዘጠኙን ቀዳዳ ከፈቱ። አሥራ ስምንት የሞላው በ1978 ነው። ሠላሳ ዓመት!

ያ ዘመን ምን ዘመን እንደነበር ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ፒጂኤ፣ አባል የሚሆነው ነጭ ብቻ ነው የሚል አንቀጽ ነበረው። የተሻረው በ1961 ነው። ክሊርቪው ያኔ 13 ዓመቱ ነበር። ጥቁሩም ነጩም አብሮ ይጫወትበታል።

ሴት ልጃቸው ሬኔ ፓወል በሦስት ዓመታቸው ዱላ ያዙ። በ1967 በሴቶች የባለሙያ ውድድር ውስጥ ገቡ። ከጥቁር ሴቶች ሁለተኛዋ ናቸው። አንዳንድ ሆቴል አላስተኛም ብሏቸዋል፣ የግድያ ዛቻ ደርሷቸዋል። አልተዉትም። በ2008 የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ፣ ያ በጎልፍ አገር ያለው፣ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ2015 ደግሞ ለ260 ዓመት ሴት አባል አድርጎ የማያውቀው የሴንት አንድሩስ ጥንታዊ ክለብ በክብር አባልነት ከተቀበላቸው የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆኑ። ወንድ ልጃቸው ላሪ ሣሩን ይዞ ከአባቱ ጋር ሠራ። ክሊርቪው በ2001 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፈረ። ቢል በ2009 መጨረሻ ቀን፣ በ93 ዓመታቸው አረፉ። እኔ አልደረስኩባቸውም። ይቆጨኛል።

ልጄ የዚያን እሑድ ኳስ መታ። ሦስት ጊዜ ሣሩን ነው ያገኘው፣ አራተኛው ሄደለት። ሲሄድለት ዞሮ ያየኝን ፊት አልረሳውም። ጎልማሳ የሆነ አንድ ተጫዋች ከወዲያ ማዶ አጨበጨበለት። «ምን ልርዳህ?» ያለን አልነበረም።

አንዳንዶቻችሁ «ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው፣ ለእኛ ልጆች ምን ይፈይዳል?» ትሉኛላችሁ። ብላችሁኛልም። ሰምቻችኋለሁ፣ እውነትም አለው። ግን በዱላ ኳስ መምታት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? ጥንጓን ስንለጋ አይደል ያደግነው? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲሉን አይደል ያደግነው? ገና ሜዳ ላይ ባላባትና ጭሰኛ፣ ጌታና ሎሌ እኩል ነው። ዱላ ቢያርፍበትም አይቆጣም። አያቶቻችን ጨዋታው እንዲህ መሆን አለበት ብለው ደንግገውታል። ቢል ፓወል ይህን ተረት ሰምተውት አያውቁም። ያደረጉት ግን እሱን ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ይህን በተለይ ለወላጆች። ኢቫንስ ስኮላርሺፕ የሚባል አለ። ለካዲዎች ብቻ የሚሰጥ ነው። ሙሉ የዩኒቨርሲቲ ክፍያና መኖሪያ ይሸፍናል። የጀመረው በ1930 ሲሆን መነሻው ቺክ ኢቫንስ የሚባል ተጫዋች ነው። እሱም በልጅነቱ ካዲ ነበር። በጨዋታው ያገኘውን ገንዘብ ለራሱ ቢወስድ አማተርነቱን ያጣል። እናቱ ናቸው ለካዲ ልጆች ትምህርት ይዋል ብለው የመከሩት። እዚሁ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎቹ አብረው የሚኖሩበት ቤት አላቸው። የሚፈለገው ጥሩ ውጤት፣ መልካም ጠባይ፣ የቤተሰብ አቅም ማነስና ሁለት ዓመት ያህል በካዲነት ማገልገል ነው። ስንቶቻችን ሁለት ፈረቃ እየሠራን ስለ ኮሌጅ ክፍያ እንቅልፍ አጥተናል? ልጆቻችን ግን በዚያ በር አያንኳኩም፣ ምክንያቱም መኖሩን አናውቅም። እኔም ሰባት ዓመት ሜዳው ውስጥ ሠርቼ ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።

እኔ የሠራሁበት ክለብ ዛሬ የለም። አባላቱ አረጁ፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄደ፣ ዕዳው በዛ። እንዲህ የሆነው እሱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከ2006 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከሚከፈተው የሚዘጋው የጎልፍ ሜዳ ይበልጥ ነበር። ባለፈው ጥቅምት በዚያ ሳልፍ መኪናዬን አቁሜ ገባሁ። ካርድ የሚጠይቅ የለም። ሣሩ ወገቤ ደርሷል። ሰባተኛው ግሪን የቱ ጋ እንደነበር ለመለየት ብዙ ዞርኩ። ያገኘሁት በዛፉ ነው። ተንበርክኬ በእጄ ሳየው ከረጅሙ ሣር ስር ያ ጥቅጥቅ ያለው ለስላሳ ሣር እዚህም እዚያም አሁንም አለ። የቁልቁለቱ ልጆች ዘንድሮ የት እንደሚንሸራተቱ እንጃ።

ክሊርቪው ግን ለምልሞ አለ። ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የማኅበረሰብ መሪዎች፣ በየዓመቱ ለእግር ኳሱ ውድድር እንደምታዘጋጁት ሁሉ፣ በመጪው ጁን አንድ ቅዳሜ ለልጆቻችን ያዙልኝ። አንድ አውቶቡስ ይበቃል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች፣ ልጆቹ የቢልን ታሪክ መንገድ ላይ እንዲሰሙ አንድ ሰዓት ስጡኝ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ወላጆች፣ እናንተም አብራችሁ ኑ። ልጆቹን አውርዳችሁ አትመለሱ። አባትና እናት ሜዳው ላይ ቆመው ያየ ልጅ እዚህ ይገባኛል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ከሜዳው ጋር ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ። የልጆቹን ክፍያ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ለመሸፈን ተስማምተናል። ዱላ የሌለው ከእኛ ይዋሳል።

ያቺ የ14 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ትምታ። የሽማግሌውን ስድስት ዱላ ለእሷ አምጥቼላታለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ድፎ ዳቦውን ባለቤቴ ትጋግራለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የጎልፍ ሜዳ ሣር ሠራተኛ
ሰሜን ምሥራቅ ኦሃዮ